ሽምብራ በዋግ ገበታ

ስለ ዋግ የተጻፉ መጻሕፍትን የሚያገላብጥ ሰው ሁለት ነገሮችን ደጋግሞ ያገኛል። አንደኛው የዋግሹሞች ነገር ነው። ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጥሩት፣ ከመካከላቸውም ዋግሹም ጎበዜ «ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብሎ በዐፄ ቴዎድሮስና በዐፄ ዮሐንስ መካከል ከ1868 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. የነገሠላቸው መኳንንት ታሪክ ነው። ሁለተኛው ረሀብ ነው። ሰቆጣና ደሃና፣ ዝቋላና አበርገሌ በታሪክ ገጾች ላይ ሲጠሩ ወይ የመሳፍንት አገር ናቸው፣ ወይ የእርዳታ እህል የሚራገፍባቸው ጣቢያዎች ናቸው። በዙፋኑና በረሀቡ መካከል ያለው ሰፊ ዘመን፣ ማለትም ሰው በደህናው ቀን ምን አርሶ፣ ምን ፈጭቶ፣ ምን አቡክቶ ይኖር እንደ ነበር የሚጠይቅ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልጠይቅ የተነሣሁት ይህንኑ ነው። መሪ አድርጌ የያዝኋትም አንዲት ትንሽ ፍሬ ናት፤ ሽምብራ።

ለምን ሽምብራ? ውድ አንባቢ፣ ዛሬ በትልልቅ ከተሞቻችን ሆቴሎችና በውጭ አገር ሱቆች «ሁሙስ» የሚባል የሽምብራ ልቁጥ ይቀርባል። ቀይ ሥር ሲገባበት ወይን ጠጅ፣ ዱባ ሲገባበት ወርቅማ፣ ቅጠል ሲገባበት አረንጓዴ ሆኖ በነጭ ሳሕን ላይ ይነጠፋል። በባሕር ማዶ ያሉ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች ደግሞ ቡቲቻን ለእንግዳ ሲያስተዋውቁ «የኢትዮጵያ ሁሙስ» ይሉታል። ለእንግዳው ሰው ማስረዳት ተገቢ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን አጠራሩ አንድ ጥያቄ ይጭራል። ከሁለቱ የትኛው ቀደመ? ወይስ አንዱ ከሌላው ሳይማር፣ ሁለት አገሮች በአንዲት ፍሬ ላይ ሁለት ጥበብ አፈለቁ? ጥያቄው የቅንጦት ሊመስል ይችላል። መልሱ ግን እያሠለሰ ከሚራብ አገር ታሪክ ጋር እንዴት እንደ ተቆራኘ ወደ ፊት አሳያለሁ።

* * *

ከፍሬዋ እንጀምር። የዕፀዋት ሊቃውንት እንደ ደረሱበት ሽምብራ ለማዳ የሆነችው የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ፣ ዛሬ የቱርክ ደቡብ ምሥራቅ በሚባለው አገር ነው። የዱር እናቷ እስከ ዛሬ የምትበቅለው በዚያው አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ምሥራቅ እስከ ሕንድ፣ ወደ ምዕራብ እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ወደ ደቡብ እስከ እኛ ድረስ ተጉዛለች።

ወደ እኛ መቼ ደረሰች? መልሱ ከምናስበው በላይ ጥንታዊ ነው። በጣና ሐይቅ ምሥራቅ፣ በበጌምድር፣ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከላስታዋ የላሊበላ ከተማ ጋር መምታታት የለበትም። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች የከርሠ ምድር ተመራማሪ በዚህ ዋሻ ቆፍራ ገብስና ሽምብራን የመሳሰሉ ጥራጥሬዎች አግኝታለች፤ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 500 ዓመት ግድም ተገምቷል። እንግዲህ አክሱም ገና ሳትገን፣ ወንጌል ገና ሳይሰበክ፣ የጾም ሥርዓታችን ገና ሳይደነገግ በደጋው ምድር ሽምብራ ይበላ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚዋ የሽምብራ አምራች ናት፤ የዝርያዎቿም ብዛት ስለሚያስደንቅ ሊቃውንቱ አገራችንን የሽምብራ ሁለተኛ መዲና አድርገው ይቆጥሯታል።

የሽምብራ ጠባይ ለዋግ ለመሰለ ዝናብ አጠር አገር የተበጀ ይመስላል። ገበሬው የሚዘራት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ሌላው አዝመራ በዝናብ ሲያድግ እሷ ዝናቡ ካለፈ በኋላ በጥቁሩ መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ታድጋለች። ቅጠሏ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ጎምዛዛ ጠል ያወጣሉ፤ እሸት ሲነቅል የዋለ ልጅ ጣቱን ሲልስ የሚያገኘው መጣጣ ጣዕም እርሱ ነው። ሥሯ ደግሞ ከአየር የሚገኘውን ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለምታስቀምጥ፣ ከእሷ በኋላ የሚዘራው ጤፍ ወይም ስንዴ መሬቱን ታድሶ ያገኘዋል። እንደ ጤፍ ደጋግሞ መታረስንም አትጠይቅም። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ቀላል አትምሰለን፤ በሬ ለሌለው ሰው ትልቅ ነገር ናት፤ እንመለስባታለን።

አዝመራው ደርሶ የሚታጨደውና የሚወቃው በጥርና በየካቲት ነው። ሁዳዴስ የሚገባው መቼ ነው? በዚያው ሰሞን። ከአውድማ የወጣችው ሽምብራ ወደ ጎተራ ከመግባቷ የ55 ቀኑ ጾም ይደርሳል። የቀን መቁጠሪያችንና አዝመራችን በዚህ ያህል ከተስማሙ፣ የጾም ወጣችን ከጥራጥሬ መሠራቱ አያስገርምም።

* * *

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ሑምስ» በዐረብኛ ሌላ ምስጢር የለውም፤ ትርጉሙ ሽምብራ ማለት ነው። ከሰሊጥ ልቁጥ ጋር የተዋሐደው ምግብ ሙሉ ስሙ «ሑምስ ቢጣሒና» ነው፤ ሽምብራ በጣሒና እንደ ማለት። የተቀቀለች ሽምብራ ተደቁሳ፣ በሆምጣጤ፣ በዘይት፣ በቅጠላ ቅጠልና በቅመም ታሽታ ቀዝቅዛ ስትቀርብ በጽሑፍ የምናገኛት በመካከለኛው ዘመን በካይሮ በተጠናቀረ «ከንዝ አል ፈዋኢድ» በተሰኘ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ነው። መጽሐፉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ግብፅ በመምሉኮች በምትገዛበት ጊዜ የነበረውን የካይሮን ገበታ ያሳያል። ዛሬ ሊባኖሶችና እስራኤላውያን «የእኛ ነው፤ የእኛ ነው» እያሉ ይካሰሱበታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 ሊባኖሶች 10,452 ኪሎ ግራም ሑምስ በአንድ ሳሕን አቅርበው የዓለምን ክብረ ወሰን ይዘዋል፤ ቁጥሩም የአገራቸው ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አገር በሽምብራ ሲመዘን አየን ማለት ነው!

ያ የካይሮ መጽሐፍ ሲጠናቀር የእኛ ጳጳሳት ይመጡ የነበረው ከዚያው ከግብፅ ነበር። እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ፣ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ እስከ ሆኑበት ዘመን፣ የአባይን ቁልቁለት ተከትሎ የሚሄድና የሚመለስ የመነኮሳትና የነጋዴዎች መንገድ አልተቋረጠም። መንገድ ባለበት ጥበብም ይጓዛል። በሰሜኑ አገር በጾም የሚሠራውን እልበት ልብ በሉ። ባቄላና ሌላ ጥራጥሬ ከአብሽ ጋር ተፈጭቶ፣ በስሎና ተመትቶ እንደ አረፋ የሚኩረፈረፍ፣ ከስልስ ጋር የሚቀርብ ማባያ ነው። በቀይ ባሕር ማዶ በየመን አብሽ «ሑልባ» ይባላል፤ የመኖችም አብሹን እስኪኩረፈረፍ መትተው በወጣቸው ላይ ያፈሱታል። በትግርኛ ደግሞ ምግቡ «ሕልበት» ነው። የስሙ መመሳሰልና የአሠራሩ መቀራረብ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ማን ከማን ወሰደ ብዬ አልፈርድም፤ ባሕሩ ግን ድልድይ እንደ ነበረ እመሰክራለሁ።

የሽምብራ ጉዳይ ግን ከእልበት ይለያል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አያለሁ፤ ምክንያቱም ያለው በፍሬዋ ቅርፊት ላይ ነው።

ሽምብራ በሁለት ወገን ትከፈላለች። በሜዲትራኒያን ዙሪያ የገነነችው ካቡሊ የምትባለው ናት፤ ትልቅ፣ ነጣ ያለች፣ ቅርፊቷ ስስ፣ አበባዋም ነጭ። በእኛና በሕንድ የቆየችው ደግሞ ዴሲ የምትባለው ናት፤ ትንሽ፣ ጠቆር ወይም ቀላ ያለች፣ ጎባጣ፣ ቅርፊቷ ወፍራም፣ አበባዋ ሐምራዊ። ካቡሊን ቀቅሎ መደቆስ ይቻላል፤ ስሱ ቅርፊት አብሮ ይልማል። የእኛዋን ቀቅሎ ለመደቆስ የሞከረ ግን ሻካራ ነገር ያገኛል። ስለዚህ የእኛ እናቶች ሌላ መንገድ ቀየሱ። ዘፈዘፉ፣ አመሱ፣ ከኩ፣ ቅርፊቱን በሰፌድ አበጥረው ጣሉ፤ ከዚያም በቅመም አዋሕደው ፈጩ። የሶርያና የግብፅ እናት ከድስት ወደ ሙቀጫ ስትሄድ፣ የእኛዋ ከወፍጮ ወደ ድስት ሄደች። ሑምስ ከቅቅል የተገኘ ልቁጥ ነው፤ ሽሮና ቡቲቻ ከዱቄት የተገኙ ናቸው። ሕንዶችም በዚችው በዴሲ ሽምብራ ዱቄት ስንትና ስንት ምግብ ይሠራሉ። ስለዚህ ቡቲቻን የሑምስ ልጅ ማለት ስሕተት ነው፤ የአክስት ልጅ ብንላት ይቀርባል።

የዱቄቱ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። እንጨት ይቆጥባል። ጥሬ ሽምብራ ለመብሰል ሰዓታት ይፈጅባታል። ሰቆጣን በመሰለ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። አስቀድሞ የታመሰ ዱቄት ግን ጥቂት ጭራሮ ይበቃዋል። ዛፏ በተራቆተች አገር ይህ የሊቃውንት ግኝት ቢባል አይበዛበትም።

* * *

ከዚህች ዱቄት ምን ምን እንደ ተሠራ እንቁጠር። ሽሮን ማን ያጣዋል! ዛሬ ሽሮን ያለ በርበሬ ማሰብ ይከብደናል፤ ነገር ግን በርበሬ የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በዚህ አገር ሊኖር አይችልም። ቲማቲምና ዱባም እንደዚያው። ስለዚህ በላስታና በዋግ ዐለት ሲፈለፈል የዋለው ጠራቢ ማታ የቀረበለት ወጥ ቀይ አልነበረም። ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ አብሽ፣ ሰናፍጭ፣ ጥቁር አዝሙድ ነበሩ፤ ወጡም አልጫ ነበር።

ቡቲቻ ሁለተኛዋ ናት። የሽምብራ ዱቄት በውኃና በዘይት በስሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ተፈርፍሮ፣ በደቀቀ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በሎሚ ይታሻል። ሲያዩት የእንቁላል ፍርፍር ይመስላል፤ ጿሚ በዓይኑ ፈስኮ በአፉ ይጾማል። የሽምብራ ዓሣም አለ፤ ዱቄቱ በዓሣ ቅርጽ ተበጅቶ፣ ተጠብሶ ወጥ ውስጥ የሚገባ። ተራራ ላይ ያለ ዓሣ! የሚደንቀው ደግሞ የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጠናቀቀ ወዲህ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል የተኛው ሐይቅ ለዋግ ወጣቶች እውነተኛ ዓሣ ማስገሩ ነው። ስልጆም አለ፤ እርሱ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ በስሎ፣ በሰናፍጭ ተሟሽቶ፣ ለቀናት ፈልቶ የሚጎመዝዝ ነው። በጸሎተ ሐሙስ የሚበላውን ጉልባን፣ የልቅሶ ቤቱን ንፍሮ፣ የመንገደኛውን ቆሎ እዚህ ላይ ጨምሩ።

ይህ ሁሉ ጥበብ ያደገው በጾም ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ምእመኑን በዓመት ከ180 ቀን በላይ፣ ካህኑንና መነኩሴውን እስከ 250 ቀን ድረስ ከሥጋና ከወተት ይከለክላል። የዓመቱ እኩሌታ ያለ ቅቤ ሲያልፍ፣ ሴቶቻችን ከጥራጥሬና ከቅባት እህል ሌላ ቅቤ፣ ሌላ ወተት፣ ሌላ ዓሣ ፈጠሩ። የአድባራቱን ጸሐፍት በስም እናውቃቸዋለን፤ ቡቲቻን መጀመሪያ ያቀዘቀዘችውን ሴት ግን አንድም ዜና መዋዕል አልመዘገባትም።

* * *

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስሁ። ይህን ያህል ጥበብ ያላት አገር ለምን ትራባለች?

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን እናስታውስ። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አብዛኛውን በሬ ፈጀ፤ ድርቅ፣ አንበጣና አይጥ ተከተለው። ምድር ጠፍ ሆነ፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቆፈሩ ይነገራል። ጀምስ ማካን የተባለው የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ስለ ሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ በሚተርክ መጽሐፉ፣ ከ1900 እስከ 1935 የነበረውን የገጠር ኑሮ ሲመረምር ያገኘውም ይህንኑ ነው፤ ድህነት ወደ ረሀብ የሚሸጋገረው ሰማይ ስለ ነጠፈ ብቻ ሳይሆን በሬና ጉልበት፣ መሬትና ዘር ከገበሬው እጅ እየተመናመኑ ሲሄዱ ነው። ደጋግሞ መታረስ የማትጠይቀው ሽምብራ በሬ ላጣ ቤት ምን ማለት እንደ ነበረች አንባቢ ራሱ ይመዝን።

1966 አለፈ፤ 1977 መጣ። የዋግ ሰው ልጁን ታቅፎ ተራራ እየወረደ ወደ ኮረም ተመመ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 የእንግሊዙ ቢቢሲ ያሳየው የኮረም ሰልፍ ዓለምን አስለቀሰ። ነገር ግን ካሜራ ያላሳየው ሌላ ሞት ነበር፤ የዘር ሞት። የተራበ ገበሬ ለመጪው ክረምት ያኖረውን ዘር ይበላል፤ ቢበላ ምን ይፈረድበታል? ከዚያ በኋላ ግን ዝናብ ቢመጣም የሚዘራ አይኖርም፤ ለሺህ ዓመታት ከአፈሩ ጋር የተላመደውም ዝርያ ይጠፋል። የዘረ መል ሳይንቲስቱ ዶክተር መላኩ ወረደ በዚያ ዘመን የአገሩን ዘር ከገበሬዎች ጋር ሆነው ለመሰብሰብና ለማቆየት ባደረጉት ተጋድሎ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በሌላው ዓለምም ይህ ታይቷል። የሶርያ ጦርነት በሐለብ የነበረውን የዘር ጎተራ ከሥራ ውጭ ሲያደርገው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰሜን ዋልታ አጠገብ በበረዶ ውስጥ ከተቀመጠው አደራ ዘር ለመጀመሪያ ጊዜ ወጪ ተደርጓል። ከወጡትም መካከል ሽምብራ ነበረች።

ረሀብ ሰውን ከሽምብራ ወደ ጓያም ይገፋል። ጓያ ድርቅን ከሁሉ ይልቅ ትችላለች፤ ነገር ግን ለወራት እሷን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሰልላል። በዋግ ደቡብ፣ በሰሜን ወሎ፣ በደላንታ ዳውንት እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ሰበብ ሽባ ሆነዋል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ይህን ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጽሑፍ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይገኛል። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ የበሉት ይበልጥ ተጎዱ። በወጥ መልክ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር፣ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት ግን አደጋው ቀነሰላቸው። እንግዲህ «የሴት ሥራ» ተብሎ የተናቀው መቀላቀል፣ ማብኳትና ማጣፈጥ ከጣዕም ያለፈ ነገር ነበር ማለት ነው። ሰውን በእግሩ የሚያቆም ዕውቀት ነበር። ረሀብ መጀመሪያ የሚነጥቀው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ ማገዶውን፣ ለማብሰል የሚተርፈውን ጉልበት።

ስለዚህ የገበታን ታሪክ ስጽፍ ረሀቡን ለመሸፈን አይደለም። ረሀቡ ምን እንደ ወሰደ ለማወቅ አስቀድሞ ምን እንደ ነበረ ማወቅ ስለሚገባ ነው።

* * *

ከታሪክ ወደ ጓዳ ልውረድ። እኔ ራሴ በቤቴ የምሠራውን የሽምብራ ልቁጥ ላካፍላችሁ፤ ከሁለቱ መንገዶች የተወለደ ነው።

ሁለት ብርጭቆ ሽምብራ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ማታ እዘፈዝፋለሁ። ትልቋ ነጭ ሽምብራ ትመረጣለች፤ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው መካከል አረርቲና ሻሾ ከዚህ ወገን ናቸው። የአገሩን ቀይ ሽምብራ የያዘ ግን ክኩን ይጠቀም፤ የቅርፊቱን ጣጣ ይገላገላል። በማግስቱ ውኃውን ደፍቼ በንጹሕ ውኃ፣ በቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ እቀቅላለሁ። መብሰሏ የሚታወቀው በሁለት ጣት ሲጫኗት ሳትታገል ስትልም ነው። ከዚያ ቅቅሏን አጠንፍፌ፣ የተቀቀለችበትን ውኃ ግማሽ ብርጭቆ አስቀምጬ፣ ገና ሙቅ ሳለች በሙቀጫ ወይም በመፍጫ አልማታለሁ። ሁለት ፍንጣቂ ነጭ ሽንኩርት፣ የአንድ ትልቅ ሎሚ ጭማቂና ጨው ይገቡባታል። በጣሒና ፈንታ የሑመራ ወይም የመተማ ሰሊጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል አምሼ፣ አድቅቄ እጨምራለሁ። ሰሊጥ ቢጠፋ ታምሶና ተወቅጦ የተጠለለ ሱፍ ያስክዳል፤ እንዲያውም የጾም ሽታ ይሰጠዋል። በመጨረሻ ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ እያደረጉ መምታት ነው፤ ይነጣል፣ ይላላል።

አትክልቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። አንደኛው ዱባ ነው። በፍም ወይም በምድጃ ተጠብሶ፣ ውኃው ተንኖ ሲጣፍጥ አንድ ብርጭቆ ይገባል፤ ከእርሱ ጋር የአብሽ ዱቄት ቁንጥር፣ ጥቁር አዝሙድም ከላይ። ሁለተኛው ቀይ ሥር ነው፤ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ከዝንጅብል ጋር ይፈጫል። ጣፋጭ ስለሆነ ሎሚው ጠንከር ይበል። ሦስተኛው ጎመን ነው። ለጋው ቅጠል ተንፎልፎሎ፣ ውኃው በደንብ ተጨምቆ፣ ከቃሪያና ከጥቂት ሰናፍጭ ጋር ይደቆሳል፤ ሰናፍጩ አፍንጫን ሲወጋ የስልጆን ዘመድነት ያስታውሳል። አትክልቱ ውኃ ካዘለ ልቁጡ ይፈሳል፤ ማጠንፈፍና መጭመቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አቀራረቡስ? እንደ ሶርያዎቹ ሳሕን ላይ አንጥፎ፣ መካከሉን ጎድጎድ አድርጎ፣ የኑግ ዘይት ወይም ያገኙትን ዘይት ማፍሰስ ይቻላል። በገብስ ቂጣ ይጠቀሳል፤ በዳቦ ይቀባል። በስስ እንጀራ ላይ ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ሲቆረጥ ለእንግዳ ያምራል፤ ለመንገደኛም ስንቅ ይሆናል። በጾም በያይነቱ ላይ ከአዚፋውና ከጎመኑ አጠገብ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ቢቀመጥ አይከፋውም። ምግብ ለጀመረ ሕፃን ደግሞ ቃሪያና ሰናፍጭ ሳይነካው፣ ጨው ሳይገባበት፣ የዱባው ዓይነት ቀጠን ተደርጎ በማንኪያ ይሰጣል። ከሽምብራ ክብደት አንድ አምስተኛው ገደማ ገንቢ ፕሮቲን ነው፤ ሥጋና ወተት በማይደርስበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

* * *

ስለ ሕፃን ካነሣሁ ወደ ሰቆጣ ልመለስ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገባ። ለቃሉም የመረጠለት ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር። ስሙን ሳስብ ሁለት ስሜት ይታገሉኛል። በአንድ በኩል ሰቆጣ ክብር አግኝታለች፤ የተራበችው ከተማ ረሀብን የማጥፊያ ዐዋጅ ስም ሆናለች። በሌላ በኩል ስሟ እንደ ገና ከረሀብ ጋር ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ2008 ዓ.ም. ብርቱ ድርቅ ወረደ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ሰቆጣ ገባ፤ ተከዜ ወዲህም ወዲያም ያሉ፣ በአንድ ቃል ኪዳን የተጻፉ ወረዳዎች የጦር አውድማ ሆኑ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ገበሬ ሰቆጣ ላይ በድንኳን ተጠለለ። ድንኳን ውስጥ ወፍጮ የለም፤ የሽሮ ማሰሮ የለም፤ ዘር የሚቀመጥበት ጎተራ የለም። ስንዴ በስፍር ይታደላል፤ የመቀላቀል፣ የማብኳትና የማጣፈጥ ዕውቀት ግን የሚሠራበት ዕቃ አጥቶ ይቀመጣል። እናት እያየችው ልጅ የማይማረው ሙያ ደግሞ በአንድ ትውልድ ይጠፋል።

ቃል ኪዳኑ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ እንዳይቀር እመኛለሁ። እስከዚያው ግን ጽሑፍ ለምንወድ ሰዎች የሚቀር ሥራ አለ። የአምደ ወርቅንና የሰቆጣን፣ የዝቋላንና የጋዝጊብላን እናቶች ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው። እልበትሽን እንዴት ትመቻለሽ? ሽሮሽ ውስጥ ምን ይገባል? በክፉው ዘመን ምን ከምን ጋር ቀላቅላችሁ ተረፋችሁ? በኻምጣንጋ ስሙ ማን ይባላል? ካይሮ የሽምብራ ልቁጧን በ14ኛው ክፍለ ዘመን በመጽሐፍ ስላኖረች ዛሬ ገጹን ገልጠን እናነባለን። የዋግ ገበታ ግን እስከ ዛሬ ያለው በሴቶች እጅና ምላስ ላይ ብቻ ነው፤ እጅና ምላስ ደግሞ ከባለቤታቸው ጋር ያልፋሉ። ብዕር ያለው ይጻፍ።